ለአባቴ ካሴቶች የተገዙ ሁለት ስፒከሮች

አባቴ በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ 43 ካሴቶች አሏቸው። ጥቂቶቹ መዝሙርና ዘፈን ናቸው፤ የሚበዙት ግን ታላቅ ወንድማቸው በስደት በኖሩባቸው ዓመታት በመንገደኛ እጅ የላኳቸው የድምፅ ደብዳቤዎች ናቸው። ያን ጊዜ ስልክ መደወል ከአቅም በላይ፣ መጻፍም ለአጎቴ የማይሆንላቸው ነገር ስለነበረ፣ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ትንሿን ቴፕ ፊታቸው አስቀምጠው፣ ሁላችንንም በየስማችን እየጠሩ፣ የካሴቱን አንድ ገጽ ሲጨርሱ ወደ ሌላው እያዞሩ ያወሩን ነበር። አጎቴ ካረፉ 9 ዓመት ሆኗቸዋል። የካሴቶቹ ክር መላላትና በቴፑ ውስጥ መጠምጠም ሲጀምር ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ተነሣሁ።

የመጀመሪያውን ካሴት ገልብጬ የጨረስኩ ዕለት አባቴን ከጠረጴዛዬ ፊት አስቀምጬ ከፈትኩላቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ድምፁስ የእሱ ነው፤ ምን እንደሚል ግን አይለይልኝም» አሉኝ። ቅጂው ጥሩ እንደነበረ አውቃለሁ፤ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው እያንዳንዱ ቃል ይለይልኝ ነበር። አባቴ ግን የጆሮ ማዳመጫ አይወዱም። ወንድማቸው በሕይወት ሳሉ ካሴት ሲመጣ ይደረግ እንደነበረው፣ ቡናቸውን ይዘው፣ እናቴም አጠገባቸው ተቀምጠው፣ አብረው መስማት ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ በአቅሜ የምገዛው፣ ከሁሉ በፊት የሰውን ድምፅ እንዳለ የሚያወጣ ጥንድ ስፒከር መፈለግ ጀመርኩ። ፍለጋው አራት ወር ያህል ወሰደብኝ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተማርኩት ነገር ለሌላም ሰው ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ያን ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ የነበሩት ስፒከሮች ኃይላቸውን ከኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚወስዱ፣ እያንዳንዳቸው ከሻይ ብርጭቆ ብዙም የማይበልጡ ነበሩ። ካርቶናቸው ላይ ግን በትልልቅ ቁጥር «1200 ዋት ፒኤምፒኦ» ተብሎ ተጽፏል። ስገዛቸው ቁጥሩን አምኜ ነበር። በኋላ ነገሩን ስመረምረው ሒሳቡ በጣም ቀላል ሆኖ አገኘሁት። የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 5 ቮልት ሲሆን፣ በደረጃው መሠረት የሚፈቀደው የኤሌክትሪክ ፍሰት ቢበዛ 500 ሚሊአምፒር ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 2.5 ዋት ይሆናሉ። ሁለት ጣሳ ጤፍ ይዞ ወፍጮ ቤት የገባ ሰው በኩንታል ዱቄት ይዞ እንደማይወጣ ሁሉ፣ 2.5 ዋት የገባበት ዕቃም 1200 ዋት ሊያወጣ አይችልም። ፒኤምፒኦ የሚባለው አገላለጽ ሁሉም አምራች የሚገዛለት አንድ የአለካክ ደንብ የሌለው ስለሆነ፣ ካርቶን ላይ የፈለጉትን ቁጥር ለመጻፍ ያመቻል። ገዢ ሊያየው የሚገባው «አርኤምኤስ» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለውን ቁጥር ነው፤ እሱ ስፒከሩ ሳያቋርጥ ሊሸከመው የሚችለውን ኃይል ይናገራል። ቁጥሩም ትንሽ ሆኖ ቢገኝ ሊያስደነግጥ አይገባም። ለምሳሌ በግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራውና በብዙዎች ዘንድ የታወቀው ኤዲፋየር አር1280ቲ በእያንዳንዱ ጎን 21፣ በድምሩ 42 ዋት ይላል። ካርቶኑ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዋት የተጻፈበት ትንሽ ስፒከር ሳይ፣ አሁን የምረዳው የዕቃውን ኃይል ሳይሆን የሻጩን ድፍረት ነው።

እንዲያውም ለአንድ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው ኃይል ሰው ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ስፒከር በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያሰማል እንበል፤ ይህ ለአነስተኛ ስፒከር የተለመደ ልክ ነው። ኃይሉ በአሥር እጅ ሲቀንስ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ብቻ ስለሚወርድ፣ በአንድ አሥረኛ ዋት 75 ዴሲቤል ይገኛል ማለት ነው። ሁለት ሰዎች በረጋ ድምፅ ሲነጋገሩ በ1 ሜትር ላይ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው የሚለካው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ1 ዋት በታች ነው የሚጠቀመው። ተጨማሪው ዋት ለከበሮ ምትና ድንገት ለሚነሣ ከፍተኛ ድምፅ መጠባበቂያ ከመሆን አያልፍም። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዋት መቁጠሬን ተውኩ፤ ገንዘቤንም በስፒከሩ አሠራር ላይ ማዋል እንዳለብኝ ተረዳሁ።

አሠራሩን ለመረዳት ብዙ ትምህርት አይጠይቅም። ዛሬ በየቤቱ ያለው ስፒከር የሚሠራበትን መንገድ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጀነራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1925 አሳውቀዋል፤ መሠረቱም እስካሁን ብዙ አልተለወጠም። በማግኔት መካከል የተቀመጠ የሽቦ ጥቅልል ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከጥቅልሉ ጋር የተያያዘው፣ ኮን የሚባለው ስስ ጎድጓዳ ክፍልም አብሮት እየተንቀሳቀሰ አየሩን ይገፋል። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ስለሚጠይቅ ሰፊ ኮን ይፈልጋል፤ ቀጭን ድምፅ ደግሞ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ መመላለስ ስለሚጠይቅ ቀላልና ትንሽ ነገር ይፈልጋል። በአንድ ባለ 5 ሳንቲሜትር ኮን ሁለቱንም ሥራ ለማሠራት ሲሞከር አንዱ መጉደሉ አይቀርም። ስለዚህ በአንድ ሣጥን ውስጥ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ኢንች ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) እና ለብቻው የተቀመጠ ትዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣው ትንሽ ክፍል) ያለው ስፒከር፣ ለኮምፒውተር ጠረጴዛ የሚመች መካከለኛ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። የሣጥኑም ነገር ችላ አይባልም፤ በጣት ሲንኳኳ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚጮኽ ሣጥን ሙዚቃውም ሲከፈት የራሱን ጩኸት ይጨምርበታል።

ወደዚህ መደምደሚያ ከመድረሴ በፊት ግን አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮችና አንድ ወለል ላይ የሚቀመጥ፣ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተሠራ ሰብዎፈር ያለው ስብስብ ነበረው፤ በተለምዶ «2.1» የሚባለው ነው። አውሶኝ ቤት አመጣሁት። መጀመሪያ ስከፍተው ክፍሉ በድምፅ ተሞላ፤ እኔም ተደሰትኩ። አባቴ ግን የአጎቴን ካሴት ጥቂት ሰምተው፣ «አሁንስ ጭራሽ ጋን ውስጥ ሆኖ የሚናገር ነው የሚመስለው» አሉ። በማግስቱ ከታች ያሉት ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ፣ «የኔ ልጅ፣ ማታ ማታ የሚመታው ነገር ምንድን ነው? አልጋዬ ሥር ይሰማኛል» ሲሉ በትሕትና ጠየቁኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ወፍራም ድምፅ በግድግዳና በወለል ውስጥ ከቀጭኑ ይልቅ በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ እኛ የሳሎኑን በር ዘግተን የምንሰማው ንግግር ለእርሳቸው የሚደርሳቸው ጉምጉምታው ብቻ ሆኖ ነው። በዚያው ዕለት ለወንድሜ መለስኩለት።

የአባቴ አባባል ግን ከጎረቤታችን አቤቱታ ይበልጥ አሳሰበኝ፤ ምክንያቱንም ለማወቅ ፈለግሁ። ሰው በዕድሜ ሲገፋ አስቀድሞ የሚደክመው ቀጭኑን ድምፅ የሚሰማበት አቅም ነው። ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ (ድምፁ በሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ይሰማል ይባላል፤ በእርጅና ጊዜ የላይኛው ጫፍ ቀስ በቀስ እየወረደ ይመጣል። የቋንቋችን ተነባቢዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚለዩት በዚያው በላይኛው ክፍል ነው። «ሰማ» እና «ሸማ» የሚባሉትን ሁለት ቃላት የሚለያቸው በሰ እና በሸ መካከል ያለው የፉጨት ልዩነት ነው፤ ይህም ከ2000 ሄርትዝ በላይ ያለ ነገር ነው። «ተራ» እና «ጠራ»ን የሚለያቸውም እጅግ አጭር የሆነች ፍንዳታ ነች። አናባቢዎቹ ግን በወፍራሙና በመካከለኛው ክፍል ስላሉ ጎልተው ይሰማሉ። ባሱ የበዛበት ስፒከር አናባቢዎቹን እያጎላ ተነባቢዎቹን ይሸፍናል፤ አባቴም የወንድማቸውን ዜማ እየሰሙ ቃሉን ያጡት በዚህ ምክንያት ነበር። «ድምፁስ የእሱ ነው» ያሉት ልክ ነበሩ፤ «አይለይልኝም» ያሉትም ልክ ነበሩ። ሽማግሌ ያለበት ቤት ስፒከር የሚገዛ ሰው ይህን ነገር ከዋጋው ቀጥሎ ቢያስብበት እወዳለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ዕድል ደግሞ በአንድ ምሽት ተቃጠለ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ለዕረፍት ስትመጣ፣ ፍለጋዬን ሰምታ ኖሮ፣ ራሷ ስትጠቀምባቸው የነበሩ ጥሩ ጥንድ ስፒከሮች ይዛልኝ መጣች። የሶኬቱን ጫፍ በመቀየሪያ አስገብቼ ሰካሁት፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አሜሪካ ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛው 220 ነው። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ፣ ሁሉም ዕቃ እንደዚያው ይመስለን ነበር። በእነዚያ ስፒከሮች ውስጥ የነበረው ትራንስፎርመር ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተጠመጠመ ስለነበረ፣ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቮልቴጅ ሲገባበት መቋቋም አልቻለም። የጫፍ መቀየሪያው ቅርጹን እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። በስፒከሩ ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን «120 ቮልት» አንብቤ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ይተርፍ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከእኔ ይልቅ አዘነች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ከውጭ ዕቃ የሚላክለት ዘመድና ጓደኛ ሁሉ ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን እንዲያነብ እለምናለሁ።

አዲስ ዕቃ የመግዛት ሐሳቤን ያራቀው የዋጋው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ስፒከር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። የወር ደመወዜን ሲሶ ላለማለፍ ለራሴ ቃል ገብቼ ስለነበረ፣ ፊቴን ወደ አገለገለ ዕቃ አዞርኩ። በዚህ ውሳኔ አልተጸጸትኩም። ኮምፒውተር በአምስት ዓመት ያረጃል፤ በወጉ የተያዘ ስፒከር ግን ከዚያ በጣም ይቆያል። አንዲት ሣጥን ብቻ የሆኑትን የብሉቱዝ ስፒከሮች ግን ከመጀመሪያውም አላየኋቸውም፤ ግራና ቀኙን አራርቀው ማሰማት አይችሉምና።

መርካቶ ውስጥ ስፒከር ማዳመጥ ከባድ ነው። ጎረቤት ሱቅ ሌላ ሙዚቃ ከፍቷል፤ ተሸካሚው «መንገድ!» እያለ ያልፋል፤ ሻጩም ዕቃው ኃይለኛ መሆኑን ለማሳየት እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። በዚያ ጩኸት ውስጥ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ባስ የበዛበት ዕቃ ነው። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሱቆች ገና ሲከፈቱ መሄድ ነው። ስልኬ ላይም የማውቃቸውን ድምፆች ጭኜ፣ ገመድም ከቤት ይዤ ነበር የምሄደው። ሻጩ የሚያሰማው ሙዚቃ ለዕቃው የተመረጠ ስለሆነ ስለ ዕቃው ብዙ አይናገርም፤ ደጋግመን የሰማነው ድምፅ ግን ሲጎድል ወዲያው ይታወቀናል። የያዝኳቸውም የአጎቴ አንድ ካሴት፣ ዜና የምታነብ ሴት፣ ከበሮ ያለበት የክራር ዘፈን እና በገና ነበሩ።

ስለ በገናው ጥቂት ልበል፤ ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እርሱ ነውና። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ አውታሮቹም ከአንጀት የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ አውታር በብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ በገናውን እንደ ንብ መንጋ የሚያስተጋባው እርሷ ናት። ስለዚህ አንድ የበገና ምት በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ ከታች ጥልቅ የሆነ ወፍራም ድምፅ አለ፣ ከላይ ደግሞ የእንዚራዋ ርግብግብታ የሚፈጥረው ብዙ ቀጭን ድምፅ አለ። ትዊተር የሌለው ስፒከር ላይ የአለሙ አጋን በገና ስሰማው እንዚራዋ ትጠፋና መሣሪያው እንደ ባስ ጊታር ይሆናል። በትንሿ የዩኤስቢ ስፒከር ላይ ደግሞ ርግብግብታው ብቻ ቀርቶ ሆዱ ባዶ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ አእምሯችን ከላይኞቹ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን ወፍራም ድምፅ በራሱ የመሙላት ችሎታ ስላለው፣ ዜማው ጨርሶ አይጠፋም፤ ትንንሽ ስፒከሮች ከሚገባቸው በላይ የሚወደዱበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለቱም በአንድነት ሲሰሙ ግን ጆሮ ያርፋል። በዐቢይ ጾም ከሬዲዮ በገና እየሰማ ላደገ ሰው ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ያለ አይመስለኝም።

በሦስተኛው ጉዞዬ፣ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ባለ 4 ኢንች ዎፈርና ትዊተር ያላቸው ጥንድ ስፒከሮች አገኘሁ። አንደኛው ሣጥን ማጉያው በውስጡ ያለበት ሲሆን፣ ሌላው በቀይና በጥቁር ሽቦ ከእርሱ ጋር የሚገናኝ ነው። ዋጋቸው ከጠበቅሁት በጣም ያነሰ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ ሻጩ፣ «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለት ሰው ወስዶ መልሶልኛል፤ ባስ የላቸውም ይላሉ» አለኝ። የአጎቴን ካሴት ከፈትኩ። እውነትም ድምፁ ስስ ነበር። ይልቁንም የገረመኝ ከየት እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው፤ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል ሊሰማ የሚገባው ድምፅ፣ ከኋላዬም ከጎኔም የሚመጣ ይመስል ተበታትኖ ነበር።

እዚህ ላይ ስቴሪዮ ምን እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። የእንግሊዙ ኢኤምአይ ኩባንያ መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የስቴሪዮ ድምፅን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያመለከተው፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተዋናዩ በአንድ ጎን እየታየ ድምፁ በሌላ ጎን መሰማቱ ስለከነከነው ነው ይባላል። ሁለት ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እኩል ሲያሰሙ፣ ሁለቱም ጆሮዎቻችን እኩል ስለሚቀበሉት፣ ድምፁ ምንም ነገር ከሌለበት ከመካከል የሚመጣ ሆኖ ይሰማናል። የአጎቴ ካሴት በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ ሞኖ፣ ማለትም በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው ስለሆነ፣ ፊት ለፊቴ መሐል ላይ ቁጭ ብለው የሚናገሩ መምሰል ነበረባቸው። እንደዚያ ካልሆነ፣ አንዱ ኮን ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ወደ ኋላ እየሄደ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ አንዱ የገፋውን አየር ሌላው ስለሚስበው ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋፋል። ይህ የሚሆነው ሽቦው ተገልብጦ ሲታሰር ነው።

ሻጩን ሽቦውን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። በአንደኛው ሣጥን ጀርባ ላይ ቀዩ ሽቦ በጥቁሩ መያዣ ውስጥ ገብቷል። ራሱ አውጥቶ አቀያየረውና እንደገና ከፈትነው፤ አጎቴ ከሁለቱ ሣጥኖች መካከል ቁጭ አሉ። በገናውንም አስከተልኩ። ሻጩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ሰማና፣ «ስድስት ወር ሙሉ እዚህ መደርደሪያ ላይ ነበሩ» አለ። ዋጋውን ከፍ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ የኔም ልብ ያንን እየፈራ ነበር። እርሱ ግን የጠራውን ዋጋ አላነሣም፤ አንድ ሳምንት ሞክሬ ካልተስማሙኝ እንደምመልስም በቃሉ ዋስትና ሰጠኝ። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው ይግጠመው እላለሁ። ባይገጥመው እንኳ አንድ የሞኖ ንግግር በስልኩ ይዞ ይሂድ፤ ሽቦው መገልበጡንም፣ አንዱ ስፒከር ከሌላው መድከሙንም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያሳውቀዋል።

ቤት ከገቡ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ እኔ ግን ከግዢው እኩል ዋጋ እሰጠዋለሁ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። መጀመሪያ ስፒከሮቹን ከግድግዳው ጋር አስጠግቼ፣ ኮምፒውተሩን ግራና ቀኝ አሲዤ አስቀመጥኳቸው፤ ድምፁ ጎርናና ሆነ። ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ መልሶ ወደ ክፍሉ ስለሚገፋው ባሱ ከልኩ በላይ ይጨምራል። ጠረጴዛውን ስቤ ከስፒከሮቹ ጀርባ 30 ሳንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ ስተውላቸው ጉርምርምታው ቀለለ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት 90 ሳንቲሜትር አደረግሁ፤ የአባቴንም ወንበር ከእያንዳንዱ ስፒከር በ90 ሳንቲሜትር አስቀመጥሁት፤ ሦስቱ ነጥቦች እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ትዊተሮቹ የሚያዩት የአባቴን ደረት እንጂ ጆሯቸውን አልነበረም። ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ዞረበት አቅጣጫ ስለሚሄድ፣ ከእያንዳንዱ ስፒከር የፊት ጠርዝ ሥር ትንሽ የእንጨት ቁራጭ አስገብቼ ቀና አደረግኋቸው። ይህች ሁለት ጣት የማትሞላ እንጨት ያመጣችው ለውጥ አስደንቆኛል፤ አባቴ ራሳቸው ሳይጠየቁ «አሁን ቀረበ» አሉ።

የሳሎናችን ግድግዳ ባዶ ሲሚንቶ፣ ወለሉም ሴራሚክ ነው። መካከል ቆሜ ሳጨበጭብ ጭብጨባው ወዲያው አይሞትም፤ ጥቂት እየተንቀጠቀጠ ይቆያል። ያ መንቀጥቀጥ እያንዳንዱን ቃል ተከትሎ ቀጣዩን ቃል የሚያደበዝዘው ነው። ወላጆቼ ቀድሞ በኖሩበት የጭቃ ቤት ውስጥ ያው ካሴት በአንዲት ትንሽ ቴፕ ጥርት ብሎ ይሰማ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ የጭድና የጭቃው ግድግዳ ወጣ ገባ መሆኑ፣ ምንጣፉ፣ የአልጋው ብዛት ድምፁን ይውጡት ነበር። አሁን ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘረጋን፤ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ የመጻሕፍት መደርደሪያ ያዘው። ሁሉም ከቤት የተገኘ ነው።

የቀሩት ነገሮች ቀላል ነበሩ። የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ አንድ የማያቋርጥ ዝዝታ ይሰማ ነበር፤ ስፒከሩንና ቻርጀሩን በአንድ ዲቫይደር ላይ ስሰካቸው ከሞላ ጎደል ጠፋ። የኮምፒውተሩን ድምፅ ከፍ፣ የስፒከሩን ማዞሪያ ዝቅ ማድረግም የቀረውን ሹክሹክታ አስወገደ። ከካሴት ስገለብጥ በገመዴ ምክንያት በግራ በኩል ብቻ የተቀዱ ቅጂዎች ነበሩኝ፤ እነዚህን በዊንዶውስ ውስጥ የሚገኘውን የሞኖ ድምፅ ምርጫ በመክፈት በሁለቱም ጎን አሰማሁ። ለአባቴ ብዬ ከ2000 እስከ 4000 ሄርትዝ ያለውን ክፍል ጥቂት ከፍ አድርጌ፣ ከ120 በታች ያለውን ቀንሻለሁ። ሙዚቃ ለብቻዬ ስሰማ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፤ ያለዚያ በገናው ሆዱን ያጣል።

የመጀመሪያውን ካሴት እንደገና የሰማነው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አጎቴ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አንድ የአገራቸው ልጅ ሠርግ አወሩ። በመካከል ለአፍታ ዝም ሲሉ ከኋላቸው አንድ ሰው በሌላ ቋንቋ ሲጣራና በር ሲዘጋ ይሰማል፤ ይህን በጆሮ ማዳመጫ ስገለብጥ እንኳ ልብ አላልኩትም ነበር። አባቴ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና፣ «እስቲ እዚያች ጋ መልሺው፤ በሩን የዘጋው ያ አብሮት ይኖር የነበረው ልጅ መሆን አለበት፤ ሁልጊዜ በኃይል ይዘጋብኛል ይል ነበር» አሉ። መለስኩት፤ ሦስት ጊዜ ሰሙት።

ቤት ሲጸዳ ስፒከሮቹ ስለሚነሡ፣ ጠረጴዛው ላይ ማዕዘኖቻቸው የሚያርፉበትን ቦታ በነጭ ፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ። የወንበሩም እግሮች ምልክት ምንጣፉ ላይ አለ፤ እርሱን ያደረጉት አባቴ ናቸው። እስካሁን 12 ካሴት ሰምተናል፤ 13ኛው ላይ በአጎቴ እጅ «ለልጆቹ» ተብሎ ተጽፏል።